የመርሳት ሕመም ያገኛቸው አረጋውያንና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ

በጭሮ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በበጀት መዝገብ ላይ ትልቅ ቦታ የሚይዝ አይደለም። ጉድጓድ አይቆፈርለትም፤ ጣራ አይመታለትም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ የማስታወስ ኃይላቸው የደከመ አባቶችንና እናቶችን በጥላ ሥር በክብ አስቀምጦ እጃቸውን እንዲዘረጉ፣ እግራቸውን እንዲያነሡ፣ ከወንበር እንዲነሡና እንዲቀመጡ፣ ጥቂት እንዲራመዱ፣ እንዲዘምሩ፣ በመጨረሻም ቡና ጠጥተው በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ማድረግ ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ አንድ አባት የቀሩትን ዓመታት ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ ያሳልፍ ወይስ ከሰው መካከል ይኑር የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በአገራችን አንድ ሽማግሌ ነገር ሲደጋግም፣ የገዛ ቤቱ መንገድ ሲጠፋበት፣ የልጁን ስም ሲያጣ፣ «ጃጀ» ይባላል። «ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ የሚያልፍ አለ። «መንፈስ ነው» የሚልም፣ «የሰው እጅ አለበት» ብሎ ጎረቤቱን የሚጠረጥርም አለ። ሦስቱም አባባሎች ታማሚውን አይረዱም። የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሁለተኛው ያስፈራል፤ ሦስተኛው ጠብ ይተክላል።

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት ሕመም የአንጎል ሕመም ነው። ማርጀት በራሱ ሕመሙን አያመጣም፤ ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው ልቡናቸው የነቃ ብዙ አባቶች አሉና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከሕሙማኑ መካከል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑትን የሚይዘው አልዛይመር የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕክምና ጉባኤ ካስረዳው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ሌላው የታወቀ ዓይነት ደግሞ በአንጎል የደም ሥሮች ጉዳት የሚመጣው ነው። ይህኛው ከደም ግፊትና ከስኳር ሕመም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለእኛ ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በቅርቡ የሆነውን ነገር በመርሳት ይጀምራል። ዛሬ ጠዋት የበሉትን የማያስታውሱ እናት የሠርጋቸውን ቀን ዝርዝር ሳያዛንፉ ይናገራሉ። ቀጥሎ የለመዱትን ሥራ ቅደም ተከተል ማጣት፣ ቀንና ሌሊትን ማምታታት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም ዝም ማለት ይመጣል። ሕመሙን የሚያስወግድ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ይህን ለቤተሰብ በእውነት መናገር ተገቢ ነው። የማይድን ሕመም ነው ማለት ግን ምንም አይደረግለትም ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ መቅደም አለበት። የሚረሳ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ ከወደቁ በኋላ በጭንቅላት ውስጥ የሚቋጠር ደም፣ የጆሮ መድከም፣ የዓይን ሞራ፣ ሌላው ቀርቶ ያልታከመ ኢንፌክሽን ሰውን ሊያደናግር ይችላል። እነዚህ የሚታከሙ ናቸው። ስለዚህ «ጃጀ» ተብሎ ከመፈረዱ በፊት አረጋዊው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በተለይ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት የመጣ መደናገር የአስቸኳይ ሕክምና ጉዳይ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሆነው

እዚህ የተቀመጣችሁ ካህናት የሰውን ጓዳ የምታውቁ የንስሐ አባቶች ናችሁና የምናገረው አዲስ አይሆንባችሁም። ልጆች ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። ከአረጋዊው ጋር የቀረችው አንዲት ልጅ ወይም ምራት ናት። አባት ሌሊት ተነሥተው «ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ፤ ያሉት ግን በገዛ ቤታቸው ነው። አንድ ቀን ወጥተው ጠፍተው በመንገደኛ ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በሩ ይቆለፋል። በቅዳሴ መካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ተናገሩና ሰው ሁሉ ስለ ዞረባቸው ቤተሰቡ አፍሮ ቤተ ክርስቲያን መውሰዱን ትቷል።

በሩን የቆለፈችው ልጅ ክፉ ሆና አይደለም፤ ጨንቋት ነው። ሆኖም የተዘጋው በር በመጀመሪያው ሕመም ላይ ሁለተኛ ሕመም ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሽማግሌ የጭኑ ሥጋ ይሟሽሻል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ሚዛኑ ይዛባል። በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ድጋፍ ከመደብ መነሣት ያቅተዋል። ከዚያ ይወድቃል። የዳሌ አጥንቱ ከተሰበረ ከአልጋ ላይነሣ ይችላል። ይህ ሁለተኛው ሕመም የመርሳት ሕመሙ ራሱ ያመጣው ብቻ ሳይሆን አለመንቀሳቀስና ብቸኝነት ያመጡት ነው። የመጀመሪያውን ማስቀረት ባንችል እንኳ ሁለተኛውን ማዘግየት እንችላለን። የዛሬው ንግግሬ ቁም ነገር ይኸው ነው።

እንቅስቃሴ የሚያደርገውና የማያደርገው

ለሕዝባችን የማንፈጽመውን ተስፋ መስጠት አይገባንምና፣ ጥናቶች የሚሉትን ሳልቀንስና ሳልጨምር ልናገር።

እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ቀላልና መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን 494 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ክፍል ለአራት ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠንከር ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲሠራ ተደረገ። ውጤቱ ሲታይ የአካላቸው ብርታት ጨምሯል፤ የመርሳቱ ጉዞ ግን አልዘገየም። ስለዚህ «ይህን ብታደርጉ አባታችሁ ማስታወስ ይጀምራሉ» ብለን ልንናገር አንችልም።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 የ17 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ እንቅስቃሴ አረጋውያኑ በዕለት ተዕለት ተግባር ራሳቸውን እንዲችሉ ሊረዳ እንደሚችል አመልክቷል። ልብስ መልበስ፣ ከወንበር መነሣት፣ ወደ መጸዳጃ መሄድ ማለት ነው። የመርሳት ሕመም ይኑርም አይኑር በአጠቃላይ በቤታቸው በሚኖሩ አረጋውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ደግሞ እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት አንድ ቀን መሰብሰባችን ይህን አያሟላም፤ ነገር ግን አስታማሚዋ ያየችውን በቀሩት ቀናት በቤቷ እንድትደግመው መንገድ ይከፍታል።

ከዚህ የምንይዘው ትምህርት እንዲህ ነው። እንቅስቃሴው ለስላሳ ይሁን፤ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ይሁን፤ ከሰው ጋር የሚደረግ ይሁን። ዓላማው አባት በራሳቸው እግር ወደ መጸዳጃ የሚሄዱበትን ዘመን ማራዘም፣ እናት በቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንዲስቁ ማድረግ፣ አስታማሚዋም አንድ ሰዓት እንድታርፍ ማስቻል ነው። ይህ ለሚያየው ሰው ትንሽ አይደለም።

ቶሎ የማይጠፋ ትውስታ

ትውስታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ትናንት ምን እንደ ተደረገ የምናስታውስበት አለ፤ እጅና እግር በልማድ የሚያውቁት ደግሞ ሌላ አለ። ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚለይ ሕመሙ ዘግይቶ ይደርስበታል። ዜማም እንዲሁ ነው። ቃል የጠፋበት ሰው በዜማ ሲጀመርለት ይቀጥላል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በማኅሌት ውስጥ ያደጉ አረጋዊ ደብተራ የልጅ ልጃቸውን ስም ሊያጡ ይችላሉ። መቋሚያ በእጃቸው ሲሰጥ ግን ትከሻቸው ዝማሜውን ያውቀዋል፤ ከበሮው ወደ መረግድ ሲገባ እግራቸው አይሳሳትም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከስድስተኛው መቶ ዘመን አንሥቶ በአካል ጭምር ሲወረስ የኖረ ሥርዓት ነውና። እናቶችም እንዲሁ ናቸው። ሰፌድ በእጃቸው ሲገባ ሳይነገራቸው ያንገዋልላሉ፤ እንዝርት ሲያገኙ ጣታቸው ይፈትላል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን የተዘጋጀ አንድ የቡድን እንቅስቃሴ መርሐ ግብርም የተመሠረተው በዚሁ በልማድ በተያዘ ትውስታ ላይ ነው። እኛ ግን ይህን ሀብት በየደብራችንና በየጓዳችን አስቀምጠን የምንኖር ነን።

አንዱ ሰዓት እንዴት ይዋል?

ቁጥሩ ከስምንት እስከ ዐሥር አረጋውያን ይሁን። ለሁለት አረጋውያን አንድ ረዳት ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ ሲሆን ጫጫታው ያደናግራቸዋል፤ የሚጠብቃቸውም ያንሳል። ቀኑና ሰዓቱ፣ ቦታውም፣ መሪውም አይለዋወጡ። የሚረሳ ሰው በቃል ባያስታውስ እንኳ ሰውነቱ ልማዱን ይይዛልና። የከተማው የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ አስታማሚዋ ያለ ሐሳብ ገበያ ውላ ትመለሳለችና። ረቡዕና ዓርብን የመሰሉ የጾም ቀናት ግን ባይሆኑ ይሻላል።

ሰዓቱን እንደየአገሩ አየር መምረጥ ይገባል። በጭሮና በጨርጨር ደጋማ ቦታዎች ጠዋቱ ይበርዳል፤ የደነደነ መገጣጠሚያ ፀሐይ ሳይሞቀው አይታዘዝም። ስለዚህ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይሁን። በሚኤሶ ግን ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ መጨረስ ያስፈልጋል። ወንበሮቹ ጀርባ ያላቸው፣ የማይንሸራተቱ፣ እግር መሬት የሚያስረግጡ ይሁኑ። ቀላል የፕላስቲክ ወንበር አረጋዊ ሲደገፈው ይገለበጣል፤ ከግድግዳ ጋር ካልተጠጋ አይሆንም። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ ምንጣፍ፣ ገመድና ድንጋይ ይነሡ።

መጀመሪያ ሰላምታ ነው። መሪው እየዞረ እያንዳንዳቸውን በስማቸው፣ እጃቸውን ይዞ ሰላም ይበል። የራሱንም ስም ይናገር። ይህ ብቻ ዐሥር ደቂቃ ቢወስድ የባከነ ጊዜ አይደለም።

ቀጥሎ ተቀምጦ የሚደረገው ይመጣል። በቀስታ ትንፋሽ መሳብና ማውጣት፤ ትከሻን ከፍና ዝቅ ማድረግ፤ ጣቶችን መጨበጥና መዘርጋት። መቋሚያ የሚመስል ቀላል ዘንግ በሁለት እጅ አግድም ይዞ እስከ ደረት ማንሣትና ወደ ጉልበት መመለስ። ሁለት ሰዎች ትይዩ ተቀምጠው ጋቢ በአራት ጫፉ ይዘው ማወዛወዝ፣ መሳሳብና ማጠፍ። ጋቢ ማጠፍ ሁሉም የሚያውቀው ሥራ ስለሆነ ማብራሪያ አይፈልግም፤ እጅ ለእጅም ያገናኛል። ከዚያ የሥራ እንቅስቃሴዎች ይከተላሉ። እናቶች እህል እንደሚያንገዋልሉ፣ ቡና እንደሚወቅጡ፣ ሊጥ በምጣድ ላይ እንደሚያዞሩ፤ አባቶች ዘር እንደሚዘሩ፣ እንደሚያጭዱ፣ ከቡና ዛፍ ላይ እንደሚለቅሙ። ይህ የቡና አገር ነውና ክንድን ወደ ላይ ዘርግቶ መልቀምና ወደ ቅርጫት ማውረድ ማንም ያልሠራው ሥራ አይደለም።

ለእግር ደግሞ ተረከዝን ማንሣት፣ ጣትን ማንሣት፣ ጉልበትን ተራ በተራ ከፍ ማድረግ ይበቃል። በሚኤሶ ያላችሁ ባቡሩን ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የከተማችሁ ሽማግሎች የሕይወት ድምፅ ነበር። ተቀምጠው እግራቸውን እንደ ባቡር ቀስ ብለው እየረገጡ ይጀምሩ፤ ትንሽ ያፍጥኑ፤ ወደ ጣቢያ ሲቃረብ ያዝግሙ፤ ይቁሙ። ሳቅም ይኖረዋል።

ከዚህ በኋላ የሚችሉት ከወንበር መነሣትና መቀመጥ አምስት ጊዜ ያህል ይለማመዱ። ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ያለው ይህ ነው፤ ከአልጋና ከመጸዳጃ መነሣት ማለት ይኸው ነውና። ቀጥሎ የወንበሩን ጀርባ ይዘው ቆመው ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ያሸጋግሩ። ይህ ከሽብሸባ ጋር ስለሚመሳሰል መዝሙር ሲኖር በራሱ ይመጣል። ከበሮው ለስላሳ ይሁን፤ ፍጥነቱም የልብ ትርታን አይለፍ። መጨረሻ ላይ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ጥቂት ይራመዱ። መቆም የማይችሉት ተቀምጠው ያጨብጭቡ፤ ከክቡ ግን አይውጡ።

በዚህ ሁሉ መካከል ውኃ ይሰጥ። ማብቂያው ቡና ነው። ቡናው ሲቆላ ሽታው ራሱ ወሬ ያመጣል። ስለ ትናንት አትጠይቁ፤ ስለ ጥንቱ ጠይቁ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ ስለ ቆረቆሯት አሰበ ተፈሪ አባቶቻቸው የነገሯቸውን፣ ገበያው የት እንደ ነበር፣ ወደ አሰቦት ገዳም በእግር እንዴት ይኬድ እንደ ነበር ይናገሩ። ቢደጋግሙት አትቁረጧቸው።

የአነጋገር ሥርዓት

ረዳቶቹ ወጣቶች ስለሚሆኑ ይህን አጥብቃችሁ አስተምሯቸው። አረጋውያን በሕመም ምክንያት ወደ ልጅነት አልተመለሱም። «እርስዎ» ይባሉ፤ «አባባ»፣ «እማማ»፣ ወይም ቤተሰባቸው በሚጠራቸው የክብር ስም ይጠሩ። ካህን ከሆኑ መስቀላቸው ይሳለም።

«አወቁኝ?» ብሎ መጠየቅ ፈተና ነው፤ ያሳፍራል። «እኔ እገሌ ነኝ፤ የእገሌ ልጅ» ብሎ መጀመር ይሻላል። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይነገር፤ ከመናገርም ማሳየት ይበልጣል። ከፊት ለፊት፣ ፊት እየታየ፣ በቀስታ ይነገር። የሌለ ሰው ሲጠሩ፣ የሞተች እናታቸውን ሲጠይቁ «ሞተዋል እኮ!» ብሎ ማረም ሐዘኑን እንደ አዲስ ይቀሰቅሳል። «ስለ እናትዎ ይንገሩኝ» ማለት ይበቃል። ያልፈለጉትን እንቅስቃሴ ማንም አያስገድዳቸው፤ ተቀምጦ ማየትም ተሳትፎ ነው።

የቋንቋ ነገር በእኛ አካባቢ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሁለት ወይም ሦስት ቋንቋ ሲናገሩ የኖሩ ሰዎች ሕመሙ ሲጸናባቸው አፍ ወደ ፈቱበት ቋንቋ ያዘነብላሉ። በአማርኛ ሲያወሩ የኖሩ እናት አንድ ቀን አፋን ኦሮሞ ብቻ ቢመልሱ አትደነቁ። ከረዳቶቹ መካከል ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ሰው ሁልጊዜ ይኑር። የሥራ ዜማዎችም በሚያውቁት ቋንቋ ይሁኑ።

ጥንቃቄ

እያንዳንዱ ተሳታፊ ከመጀመሩ በፊት በጤና ባለሙያ ይታይ፤ የደም ግፊቱ ይለካ። የልብ ሕመም፣ በቅርቡ የተሰበረ አጥንት ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ተለይቶ ይታወቅ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ማዞር ወይም የፊት መገርጣት ሲታይ እንቅስቃሴው ወዲያው ይቁም፤ ካልተሻለም ወደ ሕክምና ይወሰዱ። ከጀርባ በድንገት መንካትና ክንድ ይዞ መጎተት ክልክል ነው። አንድ ረዳት በር ላይ ይቀመጥ፤ የሚረሳ ሰው ሳይታሰብ ይወጣልና። መጸዳጃው ቅርብ ይሁን፤ ከመጀመሩ በፊትም ይጠየቁ፤ አፍረው ስለማይናገሩ የሚረበሹ ብዙዎች ናቸው። ጫማቸው የሚጠብቅ እንጂ የሚወልቅ ሸበጥ አይሁን።

ስለ ጾም የንስሐ አባቶችን ልለምን። የሚረሳ አረጋዊ መብላቱንና መጠጣቱንም ይረሳል። ጾሙን በልማድ ይዞ፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ባዶ ሆድ ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው የምታደርገውን ርኅራኄ ቤተሰቡ የሚሰማው ከእናንተ አፍ ነው። ጠበልም እንዲሁ ነው። ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም። መድኃኒቱን አስቁሞ ጠበል ብቻ የሚል ምክር ግን አረጋዊውን ይጎዳል፤ ታስሮ መወሰድም ክብሩን ይገፍፋል።

ለሚነሡ ጥያቄዎች

«ቤተ ክርስቲያን የስፖርት ቦታ ናት ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የቅዳሴው ቦታና ንዋያተ ቅድሳቱ ክብራቸው ይጠበቃል። እኔ የምለው በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በሰበካ ጉባኤ ግቢ ወይም በእድር ድንኳን ሥር የሚደረገውን ነው። ከበሮውም የልምምድ ከበሮ ይሁን። መቆም፣ መስገድና ማሸብሸብ የሥርዓታችን ክፍል ስለሆኑ በለስላሳ እንቅስቃሴ አረጋውያንን መደገፍ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም።

«ሙስሊም ጎረቤቶቻችንስ?» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በእድርና በለቅሶ፣ በገበያና በቡና አብረን እንኖራለን፤ ሕመሙም ቤት አይመርጥም። ጎረቤት አረጋውያን መምጣት ሲፈልጉ በዚያ ቀን መዝሙሩ ቀርቶ የሥራ ዜማ ይሁን፤ ቦታውም የእድር አዳራሽ ይሁን። ማንም በሕመሙ ምክንያት እምነቱን የሚነካ ነገር እንዳይደረግበት መጠበቅ የክርስቲያን ሥነ ምግባር ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ወንበሩ አለ፤ አዳራሹ አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉ። ቡናና ስኳር በየተራ ማኅበራት ይችላሉ። ገንዘብ የሚጠይቀው ለመራመድ ለደከሙት የባጃጅ ኪራይ ነው። የጭሮ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ይህን ካላሰብንበት የሚመጡት ብርቱዎቹ ብቻ ይሆናሉ፤ የተዘጋው በርም እንደ ተዘጋ ይቀራል። እንግዲህ ሰበካ ጉባኤ በበጀቱ ውስጥ አንዲት መስመር የሚጽፍ ከሆነ ለዚህ ይጻፍ።

ልምዱ በእጃችን ነው

ኮሚሽናችን እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቋቋመ ወዲህ ከሠራቸው ሥራዎች መካከል በኤችአይቪ ዙሪያ የተሠራው ትልቅ ትምህርት ትቶልናል። በዚያ ዘመን ሕመሙ ኀፍረት ነበር፤ ሕሙማን በጓዳ ይደበቁ ነበር። ካህናት ሠልጥነው በዐውደ ምሕረት ሲያስተምሩ፣ ቤት ለቤት ሲጠይቁ፣ ብዙ በር ተከፈተ። ዛሬም የሚያስፈልገው ያው ነው። አንድ ካህን ከስብከቱ በኋላ «በቤታችሁ የሚረሱ አባት ወይም እናት ካሉ አትደብቋቸው፤ ሕመም ነው፤ እኛም አለን» ቢል ከብዙ የተጻፈ ማስታወቂያ ይበልጣል።

አረጋዊው በቅዳሴ ጊዜ ድምፅ ሲያሰሙ የሚዞር ፊት ሳይሆን አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ይኑር። ለዚህ አንድ ዲያቆን ወይም አንዲት እናት ትመደብ። ለአፍታ ወደ ጥላ አውጥተው ይመልሷቸው እንጂ ወደ ቤት አይላኩ።

ስለ ወጣቶቹም አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የባለሙያዎች ዘገባ፣ ዐሥራ አራት ምክንያቶች በሙሉ ቢወገዱ ከዚህ ሕመም 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደ ነበር ገምቷል። ያልታከመ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ ብዙ አልኮል፣ አለመንቀሳቀስ፣ ያልታከመ የጆሮና የዓይን መድከም፣ ትምህርት ማጣት፣ ብቸኝነት ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአካባቢያችን ጫት የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግና እንቅልፍን እንደሚያውክም መዘንጋት የለበትም። እንግዲህ አረጋውያኑን የሚረዳ ወጣት ስለ ገዛ እርጅናውም እየተማረ ነው።

ከዚህ ስንለያይ እያንዳንዱ አጥቢያ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት አራት ነገሮችን እንዲያደርግ እለምናለሁ። አንደኛ፣ የንስሐ አባቶች በየቤቱ ያሉትን የሚረሱ አረጋውያን በቤተሰብ ፈቃድ ይመዝግቡ፤ መዝገቡም በምስጢር ይያዝ። ሁለተኛ፣ ከጤና ጣቢያውና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግራችሁ የምርመራ ቀን ያዙ። ሦስተኛ፣ ከወጣቶችና ከእናቶች አምስት ረዳቶች መርጣችሁ አሠልጥኑ። አራተኛ፣ በአራት ወይም በአምስት አረጋውያን ጀምሩ። ብዙ ሰብስቦ በወሩ ከመተው በጥቂቶች ጀምሮ ዓመት መዝለቅ ይሻላል። ልማዱ የተቋረጠበት አረጋዊ ለምን እንደ ቀረ አይገባውም፤ የቀረበት መሆኑ ግን ይሰማዋል።

የዓለም የአልዛይመር ቀን በአብዛኛው መስከረም 11፣ ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን ደግሞ መስከረም 21 ቀን ይውላል። ሁለተኛው ከግሸን ማርያም በዓል ጋር የሚገናኝ በመሆኑ፣ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ስለ አረጋውያን ለማስተማር መልካም አጋጣሚ ነው።

በመጽሐፈ ሲራክ ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ወላጅ ክብር የተጻፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠቢቡ በዚያ ምክሩ አባት ጤነኛና ኃይለኛ ሳለ ስለሚደረግለት ክብር ብቻ አይናገርም። ማስተዋሉ በደከመበት ጊዜም ልጁ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ያዝዛል። ይህ ሕመም ስም ከማግኘቱ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት እንዴት እንደምንይዘው ተነግሮን ነበር ማለት ነው። የቀረው ወንበሮቹን በክብ መደርደርና በሩን ማንኳኳት ነው።

እግዚአብሔር አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በጤና ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።